እውነት ወይስ ተረት? የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ እንዴት ይጻፋል?

ስፋትና ዙሪያ ሲያሰላ ደስ የሚለው ተማሪ፣ ጥያቄው «ስንት ነው?» ማለቱን ትቶ «አረጋግጥ» ሲለው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ተማሪዎች ፕሩፍ የሚሉት ይህ ሥራ ለተመረጡ ጭንቅላቶች ብቻ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ይህ ግምት ስንቱን ልጅ ከሒሳብ አርቆታል! ማረጋገጫ መጻፍ ግን እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነው። ሥሩም አንድ ነው፦ ለጻፍነው ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ለምን?» ብንባል መልስ ማግኘት። በክፍል ውስጥ የሚዘወተሩ አምስት አባባሎችን በዚህ እንመዝናቸው።

ተረት 1፦ «ሥዕሉ ላይ እየታየ ምን ማረጋገጥ ያስፈልጋል?»

እውነት፦ ዓይን ይታለላል። ጎኑ 8 የሆነ ካሬ ሥሩ፤ ስፋቱ 64 ነው። 8 በ3 እና 8 በ5 ወደሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች ክፈሉት። ትንሹን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ቁረጡት፤ ሁለት ጎነ ሦስት ይወጡታል። ትልቁን ደግሞ በላይኛው ረጅም ጎን ከግራ 5 ላይ ተነሥታችሁ፣ በታችኛው ከግራ 3 ላይ እስከምትደርሱ ቁረጡት። አራቱ ቁራጮች ተገጣጥመው 5 በ13 የሆነ ሬክታንግል የሠሩ ይመስላሉ። ስፋቱ 65! አንዷ ካሬ ከየት መጣች?

ከየትም አልመጣችም። በመሐል ቀጥ ብሎ የተዘረጋ የሚመስለው ሰያፍ ቀጥ ያለ አይደለም። የጎነ ሦስቱ ጠርዝ 8 ሲጓዝ 3 ይወጣል፤ የሌላው ቁራጭ ጠርዝ 5 ሲጓዝ 2 ይወጣል። የመጀመሪያው 0.375፣ ሁለተኛው 0.4 ነው። ልዩነቱ ቀጭን ክፍተት ፈጥሯል፤ ያች ትርፍ ካሬ የክፍተቱ ስፋት ናት። ሥዕል ሐሳብ ያመነጫል፤ ምክንያት ሆኖ ግን ሊጻፍ አይችልም።

ተረት 2፦ «የጎነ ሦስቱን ማዕዘኖች በፕሮትራክተር ለክቼ ድምራቸው 180 ዲግሪ መጣልኝ፤ ስለዚህ ተረጋገጠ።»

እውነት፦ ልኬት የሚናገረው ስለተለካው ጎነ ሦስት ብቻ ነው፤ እሱንም በግምት። ማረጋገጫው በላይኛው ጫፍ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ያሰምራል። የመሠረቱ ሁለት ማዕዘኖች ከላይ እኩያቸውን ያገኛሉ፤ ሦስቱም ተደርድረው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሞላሉ። ይህ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ላለ ጎነ ሦስት ሁሉ ይሠራል።

ማረጋገጫው እውነቱ በምን ላይ እንደቆመም ያሳየናል፦ በትይዩ መስመሮች ሕግ ላይ። ሕጉ በማይሠራበት ቦታ ድምሩም ይለወጣል። በሉል ላይ ከሰሜን ዋልታ ተነሥተው፣ 90 ዲግሪ ተራርቀው ምድር ወገብ ላይ የሚያርፉ ሁለት የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ጋር የሚሠሩት ጎነ ሦስት የማዕዘኖቹ ድምር 270 ዲግሪ ነው። ፕሮትራክተር ይህን «ለምን» አይነግረንም።

ተረት 3፦ «ጎበዝ ተማሪ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳይቆም ይጽፋል።»

እውነት፦ መጽሐፍ ላይ የምናየው ፍለጋው ካለቀ በኋላ የተጻፈውን ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ፓፐስ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ አስቀምጧቸዋል፦ በመጀመሪያ ከሚፈለገው ተነሥቶ ወደ ኋላ መፈለግ፣ ከዚያ ከታወቀው ተነሥቶ ወደ ፊት መጻፍ።

ሀለመ የተባለው ጎነ ሦስት ሀለ እና ሀመ ጎኖቹ እኩል ናቸው እንበል። ማዕዘን ለ ከማዕዘን መ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ ተባልን። ወደ ኋላ እንጠይቅ። ሁለት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ሁለት ጎነ ሦስቶች ሲደራረቡ ልክክ የሚሉ ከሆነ። ያለኝ ግን አንድ ነው። እንግዲያው ሁለት ላድርገው፤ ማዕዘን ሀን እኩል ለሁለት የሚከፍል፣ መሠረቱን ሠ ላይ የሚነካ መስመር ላስምር። አሁን ወደ ፊት ይጻፋል፦ ሀለ ከሀመ ጋር እኩል ነው፣ ተሰጥቷልና። ሀ ላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች እኩል ናቸው፣ መስመሩ የተሰመረው እንዲያ ነውና። ሀሠ የጋራ ነው። ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ስለሆኑ ጎነ ሦስቶቹ ልክክ ይላሉ፤ ስለዚህ ለ እና መ እኩል ናቸው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው አዲሱን መስመር ሲያስገባ ነው። «ማዕዘኑን ለሁለት የሚከፍል፣ መሠረቱንም የሚያጋምስ፣ 90 ዲግሪም የሚሠራ መስመር» ብሎ ይጽፋል። ለአዲስ መስመር የምንሰጠው አንድ ግዴታ ብቻ ነው፤ ሌላው መረጋገጥ አለበት።

ተረት 4፦ «ትክክለኛው የመጽሐፉ ነው፤ እሱን መሸምደድ ነው።»

እውነት፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ዩክሊድ ይህንኑ የሁለት እኩል ጎኖች ቲዎረም ጎኖቹን ወደ ታች አስረዝሞ፣ በረጅም መንገድ አረጋግጦታል። የፓፐስ ነው የሚባለው ማረጋገጫ ደግሞ ምንም መስመር አይጨምርም፤ ጎነ ሦስቱን ከራሱ ጋር፣ ግራና ቀኙን አለዋውጦ ያስተያያል። ለፓይታጎረስ ቲዎረም ኤሊሻ ሉሚስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ከ360 በላይ ማረጋገጫዎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧል። ከእነዚህ አንዱ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው ነው። በአንድ ዓምድ ዓረፍተ ነገሩን፣ በሌላው ምክንያቱን መጻፍም ለጀማሪ መልካም ድጋፍ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ዩክሊድ ራሱ የጻፈው በተከታታይ ዓረፍተ ነገር ነው።

ተረት 5፦ «ቲዎረሙ ከተረጋገጠ ተገልብጦም ይሠራል።»

እውነት፦ የካሬ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው። ዲያጎናሎቹ እኩል የሆኑ ሁሉ ግን ካሬ አይደለም፤ ሬክታንግልም አለ። ዩክሊድ በመጀመሪያው መጽሐፉ የፓይታጎረስን ቲዎረም 47ኛ አድርጎ ካረጋገጠ በኋላ የተገለበጠውን ለብቻው 48ኛ አድርጎ ያረጋገጠው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ተረቶች ሌላ ቋንቋም እንቅፋት ይሆናል፤ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ምክንያቱ የገባው ልጅ ቃል አጥቶ ወረቀቱን ባዶ ሊመልስ ይችላል። ተማሪው ክርክሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለጓደኛው ያስረዳ፤ ጓደኛውም በየመስመሩ «ለምን?» ይበለው። ክርክሩ ከጸና በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይሂድ። መምህሩም ከመጨረሻው መስመር ይልቅ ለምክንያቶቹ ማርክ ይስጥ። እንዲህ የተማረ ልጅ መምህሩም ሆነ መጽሐፉ የነገሩትን ሳይቀር ምክንያቱን ጠይቆ ይቀበላል።