«ደም አርጊ» እና «መሳሳት»፦ ስለ አንድ የራስ ጠጉር ሕክምና ስያሜ

ከታካሚው ደም የተወሰኑ ደቃቅ ሕዋሳትን አከማችቶ በራስ ቆዳ ውስጥ በመርፌ መስጠት በልዩ ልዩ አገሮች፣ በአዲስ አበባም በአንዳንድ የግል ክሊኒኮች፣ ለጠጉር መሳሳት የሚሠራበት ዘዴ ሆኗል። በተለምዶ «ፒ.አር.ፒ.» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዘዴው ተስማሚ የአማርኛ ስያሜ ማመልከት ነው። ነገሩ የቃል ውበት ብቻ አይደለም፤ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነሥቶ ሕክምና ፍለጋ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለውም፣ ለመርፌው የሚፈቅደውም በተነገረው ቃል ተመርቶ ነውና።

፩. ፅንሰ ሐሳቡ

ከክንድ ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጨመርበትና በመሣሪያ በፍጥነት ይሽከረከራል። ቀይ ሕዋሳት ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ብጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱት ደምን የሚያረጉ ሕዋሳት በዚህ መንገድ በጥቂት ፕላዝማ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይከማቻሉ። የሚያመነጯቸው ፕሮቲኖች የደከመውን የጠጉር ሥር ያነሣሣሉ ተብሎ ይታመናል። በበርካታ ሙከራዎች የጠጉር ብዛት ሲጨምር ታይቷል፤ ይሁን እንጂ አዘገጃጀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ውጤቱም ይለያያል። ጨርሶ የጠፋን የጠጉር ሥር ግን አያስነሣም።

፪. ነባር ቃላት

«ላሽ» ጠጉርን በቦታ በቦታ የሚያረግፍ ሕመም ነው፤ «ቆረቆር» በተለይ በልጆች ራስ ላይ የሚወጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ሁለቱም በዘርና በሆርሞን ምክንያት ቀስ በቀስ ለሚመጣው መሳሳት አቻ ሊሆኑ አይችሉም። «ራሰ በራ» የመጨረሻውን ሁኔታ ይገልጻል። በዚህ ቃል ያለው «በራ» ከግዕዙ «በርሐ» (ተመለጠ) የመጣ እንጂ ከ«በርሀ» (ብርሃን ሆነ) አይደለም፤ በአማርኛ ግን ሁለቱ በድምፅ ተገናኝተዋል። «ጠጉር አልባነት» የሚለውም አይስማማም። በስሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ይህ ተፈጥሮው እንጂ ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ ሦስቱን ግሦች መለየት ያስፈልጋል፦ ጠጉር ይሳሳል፣ ይረግፋል፣ ራስ ይመለጣል። ሕክምናው የሚመለከተው በተለይ የመጀመሪያውን ነው። «የመላጣ መድኃኒት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሕክምናው ያልሰጠውን ተስፋ ይሰጣል።

፫. የስያሜው ምርጫ

«ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣው «አርጊ» በጤና ጽሑፎች የገባ ቃል ነው፤ «እርጎ» የሚለውን ለሚያውቅ ሁሉ ትርጉሙ አይሰወርም። «ደም አርጊ» ብቻ ቢባል ግን መድኃኒት ሊመስል ስለሚችል «ሕዋስ» ይጨመርበት። ፕላዝማ በውሰትነቱ ይቆይ፤ «እዥ» ከቁስል የሚወጣውን ስለሚያሳስብ አይመረጥም። ለመለየቱ ተግባር «መናጥ» ቅርብ ቢመስልም፣ መናጥ መወዝወዝ ነው፤ መሣሪያው ግን ያሾራል፤ ስለዚህ «ማሽከርከር» ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «የራስ ደም» የሚለው ሐረግ ነው። በአማርኛ «ራስ» አናትም ነው፣ የገዛ ማንነትም ነው። መርፌው አናት ላይ ስለሚወጋ ሰሚው ደሙም ከአናት የሚቀዳ ሊመስለው ይችላል። «ከታካሚው ክንድ የተቀዳ የገዛ ደሙ» ቢባል ጥርጣሬው ይወገዳል።

ስያሜ የሚፈተነው በጽሑፍ ብቻ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1996 በዳባት የተጀመረውን የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል የመሰለ ሥራ ጠያቂው በየደጁ እየቆመ በቃል የሚያከናውነው ነው። በደጅ ተነግሮ የማይገባ ቃል በመዝገብ ቢሰፍር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

፬. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ፍቺዎች

ደም አርጊ ሕዋስ (ስም)፦ ደም ሲፈስ ተጣብቆ የሚያረጋ ደቃቅ የደም ክፍል።

በደም አርጊ ሕዋስ የዳበረ ፕላዝማ (ስም)፦ ከታካሚው ከገዛ ደሙ በማሽከርከር የተለየ፣ ደም አርጊ ሕዋስ የበዛበት ፈሳሽ።

ዘር ወለድ የጠጉር መሳሳት (ስም)፦ በውርስና በሆርሞን ምክንያት የጠጉር ሥር ቀስ በቀስ እየደቀቀ የሚመጣ የራስ ጠጉር መቅጠንና መቀነስ። ከላሽ፣ ከቆረቆርና ከራሰ በራነት ይለያል።