መሮ እንጨት የሚነክሰው ለምንድን ነው?

ጆሃንስበርግን በጥቅምት ሐምራዊ የሚያለብሳት ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ግንዱ ቶርኖ ላይ ወጥቶ ገበቴ ይሆናል። ውስጡ ሲቦረቦር ግን መሮው በድንገት እንጨቱን ይነክሳል፤ ገበቴው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ከማሽኑ ተነቅሎ ይወረወራል። ስለ መንስኤው የሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው።

«ጃካራንዳ ለስላሳ ነው፣ አይነክስም፤ የሚነክሰው ወይራ ነው» ይባላል።

ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም። ከስለቱ በታች ያለው ሰያፍ ገጽ እንጨቱ ላይ እስካረፈ ድረስ ስለቱ ከልኩ አልፎ አይገባም። ያ ድጋፍ በተለየው ቅጽበት የሚዞረው እንጨት ስለቱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ጠንካራው ወይራ ክንድን ይበልጥ ስለሚያናጋ ስሙ ጠፋ እንጂ፣ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው።

«አጥብቆ የያዘ አይነከስበትም።»

ሥር የሰደደው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ከእጅ ሥራ የተወረሰ ነው። ዋንዛ ጠርቦ ገበቴ የሚያወጣ ባለሙያ ፊት እንጨቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኃይሉ የክንዱ ነው። ቶርኖ ላይ ኃይሉ የሞተሩ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበቴ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ይህን የሚያቆም ክንድ የለም። የሚያድነው አገባቡ ነው፦ መሮው የሚያርፍበትን መደገፊያ ወደ ውስጥ ማስጠጋት፣ የመሮውን ቦይ ወደ ገበቴው መሃል አዙሮ መጀመር፣ ሰያፉ ገጽ ካረፈ በኋላ ቦዩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ መክፈት፣ ከዚያም ከጠርዝ ወደ እምብርቱ መውረድ።

«ብዙ የተሳለ መሮ ይነክሳል፤ ደነዝ ይሻላል።»

ደነዝ መሮ ካልተገፋ አይቆርጥም፤ ሲገፋ ደግሞ ከድጋፉ ያመልጣል። መግፋት የለመደ እጅ አዲስ የተሳለ መሮ ሲይዝ ዘልቆ ይገባበታል፤ ወቀሳው ግን በስለቱ ላይ ይወድቃል።

«የጠረጴዛ እግር የሚከብበት ትልቁ መሮ ጠንካራ ስለሆነ ለገበቴም ይሆናል።»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። መሮው ትልቅ ቢመስልም እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ቀጭን ነው፤ ገበቴ ውስጥ ከነከሰ እዚያው ላይ ሊሰበር ይችላል። ይህን መሮ ገበቴ ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡት። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ገበቴውን በእጅዎ አዙረው መደገፊያውን አለመንካቱን ያረጋግጡ፤ የፊት መከላከያም ያድርጉ።