ፖለቲካል ሳይንስ ተምሮ ምን ይሆናል?

ዩኒቨርሲቲ የገባ የዳንግላ ልጅ ፍሬሽማኑን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ሲል ቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ሕግ ቢል ጠበቃ፣ አካውንቲንግ ቢል ባንክ ይታያቸዋል። ፖለቲካል ሳይንስ ሲል ግን ለወላጆቹ የሚታያቸው ካድሬ ነው፤ አለዚያም እስር ቤት። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርሃቱ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ልጁንም ወላጁንም መምከር አይቻልም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ተከፈተ፤ በ1954 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከእነዚህ ተቋማት በዋናነት ይጠበቅ የነበረው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተማረ ሰው ማውጣት ነበር። የመንግሥትን አሠራር የተማረው ወጣት ግን ማገልገሉን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በኅዳር 1962 የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጥቂት ገጽ ጽፎ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት አወጣ። ዛሬ ዳንግላ ያለችበት አዊ የብሔረሰብ አስተዳደር ተብሎ የሚተዳደርበት ሥርዓት፣ ሰው ቢወደውም ቢጠላውም፣ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው። ዋለልኝ ራሱ በኅዳር 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። በብዙ ቤት የሚታወሰው ከጽሑፉ ይልቅ አሟሟቱ ነው።

ደርግ ሲመጣ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትን ከፍቶ ካድሬ አሠለጠነ። ፖለቲካ መማር ማለት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ማጥናት ሆነ፤ ትምህርቱንና ካድሬነትን በሕዝብ አእምሮ አንድ ያደረገው ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል። በሚያዝያ 1985፣ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ለረጅም ዓመታት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስ ያስተማሩትና የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የሆኑት ዶክተር መረራ ጉዲና በኅዳር 2009 ታስረው የተፈቱት በጥር 2010 ነው። ይህን ሁሉ ያየ ወላጅ ልጁን ቢከለክል አይፈረድበትም።

ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። ውሳኔው ቦታ ከማጥበቡም በላይ «ሶሻል» የተረፈው ሰው መሄጃ ነው የሚል ስሜት አሳደረ። ጉዳቱ ዛሬም አልሻረም።

ለመሆኑ ክፍል ውስጥ ምን ይማራሉ? ከፕላቶ እስከ ማኪያቬሊና ሆብስ ያለውን የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የመንግሥታትን ንጽጽር፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን፣ የኢትዮጵያን መንግሥትና ፌዴራሊዝምን፣ የምርምር ዘዴን ይማራሉ፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። በ1916 የታተመው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከነሆብስ ጎን ቢነበብ እመኛለሁ፤ በአማርኛ ስለ መንግሥት በጥልቀት ማሰብ እንደሚቻል ያሳያልና።

የዳንግላ ተማሪ ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዳንግላ ራሷ የብሪታንያ ቆንስላ ነበረባት። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1917 ገደማ እስከ 1926 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን እዚህ አደረገ፤ የጣናን ዳርቻና የዓባይን አካሄድ ለካ፣ ካርታም ሠራ። ለንደን በዚህ ደጋ ከተማ ሰው ያስቀመጠችበት ዋና ምክንያት ውኃ ነው። በግንቦት 1894 ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያቆም ሥራ ላለመሥራት ተስማምተው ነበር። በታኅሣሥ 1918 ብሪታንያና ጣሊያን ተጻጽፈው፣ አንዱ ለጣና ግድብ ሌላው ለባቡር ሐዲድ ሊደጋገፉ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያን የጠየቀ አልነበረም። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወስደው ተቃወሙ። በ1920 ደግሞ የራስ ተፈሪ መልእክተኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒውዮርክ ካለ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ደካማ መንግሥት ጉልበተኞችን እርስ በርሳቸው እያፎካከረ እንዴት እንደሚተርፍ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ጎረቤት ነው፤ ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል የሚወርደው መንገድ ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ ያደርሳል።

ስለ አስተዳደርም ቢሆን አዊ በቂ ምሳሌ ነው። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷል። ክልል ውስጥ ያለ ክልል ያልሆነ ራስ ገዝነት እንዴት ይሠራል? በጀቱ ከየት ይመጣል? የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሲያከብር የሚሰበሰበውን ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተባብረው ከመንግሥት መዋቅር ውጭ ምን ዓይነት ሥልጣን ነው? እነዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ከ2010 ጀምሮ እዚያው ያስተምራል። በርግጥ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት መንገድ ዘግቶ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ መረጃ መሰብሰብን አስፈሪ አድርጎታል። መንግሥትና ሕዝብ ለምን እንደሚጣሉ በጥንቃቄ የሚያጠና ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሥራውን በተመለከተ ወላጅን ማታለል አይገባም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በር ጠባብ ነው። አብዛኛው ተመራቂ የሚያመለክተው ለወረዳና ለዞን ጽሕፈት ቤት፣ ለመምህርነት ወይም ለእርዳታ ድርጅት ነው፤ እዚያም ብዙ ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ የሚመርጠው ልጅ ከዲግሪው ጎን ደህና ሪፖርት መጻፍ፣ በጀት ማንበብና አሐዝ መተንተን ሊማር ይገባዋል። የአዊን ቋንቋ፣ አውንጂን፣ የሚናገር ከሆነማ፣ ገጠር ገብቶ ገበሬውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጠየቅ መቻሉ ተወዳዳሪ የሌለው ዕውቀት ነው።