አዲሱ ዲስክና አሮጌው መጠገኛ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው አሊዩ አምባ የሸዋ ታላቅ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ጠረፍና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያራግፈው እዚያ ነው። መገበያያውም የጨው አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር።

ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ትውልድ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ቍጥር ይዞ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአገራችን ገበያተኛ ብሩን የሚመረምረው የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ዕንቍዎች ተመልክቶ ስለ ሆነ፣ መልኩ የተለወጠውን አይቀበልም። ዳግማዊ ምኒልክም ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ ክብደቱም ሆነ የብር ይዘቱ ከአሮጌው የሚያንስ አልነበረም። ቢሆንም ባላገሩ ማርያ ቴሬዛን መምረጡን ለብዙ ጊዜ አልተወም። አዲሱ ሥራ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አሮጌው መመርመሪያ ሳያውቀው ቀረ ማለት ነው።

ይኸው ችግር ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። በዲስክ ላይ የሚጻፈው ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት ሥርዓት አለው፤ ይህም ፋይል ሲስተም ይባላል። በሊኑክስ ዘንድ እጅግ የታወቁት ኤክስት 2፣ ኤክስት 3 እና ኤክስት 4 ናቸው። እነዚህን የሠሩ ባለሙያዎች በዲስኩ መግቢያ ላይ ባለው ዋና መዝገብ ለእያንዳንዱ አዲስ ባሕርይ ምልክት የሚያኖሩበት ስፍራ አበጁ፤ ምልክቶቹንም በሦስት ወገን ከፈሏቸው። የመጀመሪያውን ወገን የማያውቅ አሮጌ ከርነል፣ ማለት የሊኑክስ አስኳል፣ ማንበብም መጻፍም ይችላል። ሁለተኛውን ካላወቀ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል። ሦስተኛውን ካላወቀ ግን ዲስኩን ጨርሶ እንዳይከፍት ይከለከላል።

በ2001 ከሊኑክስ ጋር የተዋሐደው ኤክስት 3 ለዚህ ጥበብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውስጡ የሥራ ማስታወሻ መዝገብ ቢጨመርም፣ በደንብ የተዘጋውን ዲስክ አሮጌው ሥርዓት እንደ ኤክስት 2 አድርጎ ሊከፍተው ይችል ነበር። መብራት ጠፍቶ ሳይዘጋ ከቀረ ግን ሌላ ምልክት ተነሥቶ አሮጌውን ከበር ይመልሰዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የጥገናው ፕሮግራም ከከርነሉ ይልቅ ጥብቅ ነው። ከርነሉ የሚፈልገውን ፋይል ብቻ ሲነካ፣ ጠጋኙ ግን የዲስኩን እያንዳንዱን ክፍል ይቈጥራል፤ የማያውቀውን ነገር ቢያገኝ እንደ ስሕተት ቈጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የማያውቀው ምልክት፣ የመጀመሪያው ወገን እንኳ ቢሆን፣ ካጋጠመው አዲስ እትም እንዲመጣለት ጠይቆ ሥራውን ያቆማል።

በየካቲት 2023 የወጣው የእነዚህ መሣሪያዎች 1.47.0 እትም፣ ዲስክ ሲሰናዳ ሁለት አዳዲስ ባሕርያትን ያለ ጠያቂ እንዲያስገባ ተደርጎ ነበር። ከሁለቱ አንዱ «ኦርፋን ፋይል» ይባላል፤ ስማቸው ተሰርዞ ገና ሥራ ላይ ያሉ ፋይሎችን በአንድ ስፍራ መዝግቦ፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲካሄድ መጨናነቅን ይቀንሳል። ባሕርዩ ጠቃሚ ነው። ዳሩ ግን ከ1.47.0 በፊት የነበረው ጠጋኝ አያውቀውም። የደቢያን ሰዎች በዚያው ዓመት ደቢያን 12ን ሲያወጡ ሁለቱ ባሕርያት በራሳቸው እንዳይገቡ ያደረጉት ስለዚህ ነው።

ጕዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ጕዳቱ ግን ትንሽ አይደለም። ከከተማ በራቀ አንድ ጽሕፈት ቤት ሌሊት መብራት ቢጠፋና የመሬትና የግብር መዝገብ የያዘው ዲስክ ቢናጋ፣ ጠጋኙ በእጁ ያለው የዛሬ አምስት ዓመት የተቀዳ የማዳኛ ዲስክ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዲሱን እትም የሚያመጣበት ኢንተርኔት ደግሞ በዚያው ሰዓት ከመብራቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል። መዝገቡ ከዲስኩ ላይ ሳለ ባለጕዳይ በደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የባሰው ደግሞ ትዕግሥት ያጣ ሠራተኛ ዲስኩን እንደ ገና አሰናድቶ ያለውን ሁሉ ማጥፋቱ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላል። አዲስ ባሕርይ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ለጠጋኙ ያስተምር፤ የሚያውቀው ጠጋኝ በየስፍራው እስኪዳረስ ድረስም ባሕርዩን ለፈቀደ ብቻ ይስጥ። ዲስክ የሚያሰናዳ ወጣት ሠራተኛም ሁለት ነገር ያድርግ፦ የማዳኛው ዲስክ እትም ካሰናዳበት እትም የማያንስ መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር፤ ካነሰም አዲሶቹን ባሕርያት ትቶ ያሰናዳ። ዲስኩ በሚሰናዳበት ቀን ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በተሰበረበት ቀን ግን በብዙ ገንዘብም አይገኝም።