ኳሷ መሬት ሳትነካ

በሮኬት ሊግ ሰዓቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ጨዋታው ወዲያው አያልቅም። ኳሷ አየር ላይ እስካለች ድረስ ይቀጥላል፤ ጎል ከገባም ይቆጠራል፤ የሚያበቃው መሬት ስትነካ ነው። ሁለት ለዜሮ ተመርቶ በሁለተኛው ደቂቃ ጥሎ የሚወጣ ተጫዋች ምን ትቶ እንደሚሄድ ለማሳየት ከዚህ ሕግ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጌሙን ለማያውቁት፦ ሳይዮኒክስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ መኪኖች ግዙፍ ኳስ እየገጩ ጎል የሚያገቡበት እግር ኳስ ነው ማለት ይቻላል። ከ2020 ጀምሮ በነጻ ይጫወቱታል። ከአጨዋወቶቹ አንዱ ሦስት ለሦስት የሚገጥሙበት ነው፤ አንድ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ሜሪላንድ ከሚኖረው የእህቴ ልጅ ጋር እጫወታለሁ። እሱ ዘንድ ጠዋት ሲሆን እኔ ጋ አመሻሽ ነው። ሦስተኛችንን የሚሰጠን ሰርቨሩ ነው፤ ከየት እንደሆነ የማናውቀው እንግዳ። ሁለት ጎል ሲቆጠርብን እንግዳው ድንገት ይጠፋል። ደረጃ በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ተተኪ አይመጣም። ሁለት ለሦስት እንቀራለን።

የአንድ ሰው መጉደል ሲሶ ጉልበት ብቻ የሚቀንስ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ ይብሳል። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ኳሷን ይከተላል፣ አንዱ ቅብብል ይጠብቃል፣ አንዱ ከኋላ ይቀራል፤ ቦታውንም በየተራ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያው ኳሷን ቢስት ሁለተኛው አለ፤ ሁለተኛው ቢሳሳት ግብ ላይ ሰው አለ። ሁለት ሲቀሩ ይህ ዙር ይፈርሳል። ወደፊት የሄደው ከሳተ ሦስት ሰው በአንድ ተከላካይ ላይ ይመጣል። የእህቴ ልጅ እንዲህ ሲሆን «ጋሼ፣ ግቡን እኔ እጠብቃለሁ፣ አንተ ሂድ» ይለኛል፤ ገና በልጅነቱ እንዲህ ማለት መቻሉ ያኮራኛል። ሁለት ጎል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲመለስም አይቻለሁ። የሄደው ሰው ግን ያንን አላየም።

ጌሙ ጥሎ የሚወጣን ይቀጣል። ጨዋታው በሽንፈት ይመዘገብበታል፤ ለጥቂት ጊዜም ሌላ ግጥሚያ እንዳይገባ ይታገዳል፤ ከደጋገመው እገዳው እየረዘመ ይሄዳል። ከቅጣቱ ይልቅ እኔ የምወደው እጅ የመስጫውን ድምፅ ነው። ቡድኑ በሙሉ ከተስማማ ተሸንፈናል ብሎ መውጣት ይቻላል። አንዱ እንኳ «እንቀጥል» ካለ ይቀጥላል። መሸነፍን አብሮ መቀበልና ጓደኛን ጥሎ መሄድ በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ይህ ሕግ ልዩነቱን አውቆታል።

ዶታ 2 የተባለው ጌም፣ የስፖርት ጨዋታ ባይሆንም፣ ሌላ መንገድ ይዟል። ጥሎ የሚሄደውን እንደሱ ካደረጉ ሰዎች ጋር ለብቻ ያሰልፈዋል፤ ከዚያ ሰልፍ የሚወጣውም የተወሰኑ ጨዋታዎችን ሲያሸንፍ ነው። ለማሸነፍ ደግሞ ተባብሮ እስከ መጨረሻው መቆየት ያስፈልጋል። ብልህ ቅጣት ነው እላለሁ።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰርቨሩ የሚያየው የመስመሩን መቋረጥ ብቻ ነው። ተናዶ ማሽኑን ያጠፋውንና ሰፈሩ ላይ መብራት የጠፋበትን በምን ይለያቸዋል? እዚህ አገር ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዶታ የጠፋው ሰው እንዲመለስ 5 ደቂቃ ይታገሣል፤ ግጥሚያው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚሄድ ያዋጣዋል። በሮኬት ሊግ 5 ደቂቃ ሙሉ ግጥሚያ ነው። መመለስ ይቻላል፤ ግን ራውተሩ ተነስቶ ኔት እስኪይዝ ጨዋታው አልቆ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተቋረጠን ቀለል አድርጎ፣ ደጋጋሚውን አክብዶ መቅጣቱ ትክክል ነው፤ ልማድ የሚታወቀው በድግግሞሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን የቀሩት ናቸው። ተጥለው የቆዩት ሁለት ሲሸነፉ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በተባለው ሌላ ጌም ግን ሰው ገና መጀመሪያ ላይ ከጠፋ የቀሩት ድምፅ ሰጥተው ጨዋታውን ያለ ሽንፈት መዝጋት ይችላሉ። እዚያ ሊመጣ የሚችለው ተንኮል ግልጽ ነው፦ ጓደኛሞች አብረው ገብተው፣ መሸነፋቸውን ሲያዩ አንዱን አስወጥተው የራሳቸውን ነጥብ ማዳን። ለዚህም ከጠፋው ጋር በአንድ ቡድን ተያይዘው የገቡት ከምሕረቱ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ አሠራር በ5 ደቂቃው ጨዋታም ቢገባ ብዙ ሰው ይቆያል ብዬ አምናለሁ። እኔና የእህቴ ልጅ ተያይዘን መግባታችንን ሰርቨሩ ያውቃል፤ ሦስተኛውን ራሱ እንዳመጣውም ያውቃል። ከማናውቀው ሰው ጋር ልንዶልት አንችልም። ያ ሰው ሲወጣ ሁለት ለሦስት እየተከላከሉ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ የቆዩት ከሙሉ ሽንፈት ያነሰ ነጥብ ቢያጡ ማንም አይታለልም።