ሁለት ጠባይ ያላት ትንሽ መኪና

እንግሊዞች «ሆት ሃችባክ» ብለው የሚጠሯት መኪና ከሩቅ ላያት ሰው ከሌላይቱ የቤት መኪና የምትለይበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ ተከፍቶ የገበያ ዘንቢልና የሕፃን ጋሪ የሚያስገባ፣ ወንበሮቿ አራት ሰው በምቾት፣ አምስት ሰው በመጠባበብ የሚይዙ፣ ቁመቷ አጭር፣ በየትኛውም ጠባብ መንገድ ዳር የምትቆም፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚርመሰመሰው ቪትዝ አጠገብ ብትቆም የአንድ እናት ልጅ የምትመስል ናት። ልዩነቷ የሚገለጠው ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው በረገጠ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ያቺ ዳቦ ልትገዛ የወጣች የምትመስለው ትሑት መኪና፣ ዋጋው የእርሷን እጥፍ የሆነውን ትልቅ መኪና ጥላው ትሄዳለች። የቤት አገልጋይነትና የእሽቅድምድም ፈረስነት፣ ሁለቱ ጠባያት፣ ያለ መለያየት በአንድ አካል ተዋሕደው ይገኙባታል፤ የነገረ መለኮትን ቃል ቤንዚን ለሚጠጣ ፍጥረት በማዋሴ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ።

የዘር ሐረጓን ለመቍጠር የተነሣ ሰው ኢጣልያኖችና ፈረንሳዮች «መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን» የሚሉበት ምክንያት እንዳላቸው ይረዳል፤ ሆኖም ስሟንና ግብሯን ለዓለም ያሰማው በ1975 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበው ፎልክስቫገን ጎልፍ ጂቲአይ መሆኑን የሚክድ አይገኝም። ነገሩ የተጀመረው ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ጥቂት መሐንዲሶች እንደ ማኅበርተኞች ተሰባስበው በጸጥታ በያዙት ሥራ ነበር፤ አለቆቹም በመጨረሻ ሲፈቅዱ 5,000 ተሠርቶ ይበቃል ብለው ገምተው ሳለ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተሸጠ። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 110 ፈረስ፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰዓት 182 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱም 810 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ጉንሂልድ ሊልየክቪስት የተባሉ የጨርቅና የቀለም ባለሙያ ወንበሮቹን መስመር በመስመር የተሸመነ የስኮትላንድ ጨርቅ አለበሷቸው፤ የማርሹን ዘንግ ራስ ደግሞ የጎልፍ ኳስ አስመስለው ሠሩት፤ ጨርቁ ዛሬም የዘሩ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምሻው 810 ኪሎ ግራም የሚለውን ቍጥር ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዘወትር የሚሳሳተው ዋጋ አንድ ብቻ ይመስለውና ነው። መኪናዪቱ አዲስ ሳለች የወጣባት ገንዘብ በየዓመቱ እንደ ሰም እየቀለጠ ሄዶ፣ በዐሥረኛው ወይም በዐሥራ አምስተኛው ዓመት አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ከደመወዙ ቈጥቦ ሊገዛት ወደሚችልበት ይደርሳል፤ ነገር ግን የፍሪሲዮኗ፣ የቱርቦዋ፣ የፍሬን ዲስኳና የሰፋፊ ጎማዎቿ ዋጋ አብሮ አልቀለጠም፤ መለዋወጫ ሻጭ የመኪናዪቱን ዕድሜ ጠይቆ ቅናሽ አያደርግም። ስለዚህም ርካሽ መባል የሚገባት ስትገዛ ብዙ ያላስከፈለችው ሳትሆን፣ ከተገዛች በኋላ ብዙ የማትጠይቀው ናት። ይህን የኋለኛውን ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው ደግሞ ክብደት ነው፤ ከባድ መኪና ለመሮጥ ቱርቦና ብዙ ነዳጅ፣ ለመቆም ትልቅ ፍሬን፣ ለመታጠፍ ሰፊ ጎማ ይሻልና።

የጎልፍን አምስተኛ ትውልድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ2004 የወጣው ይህ ጂቲአይ 2 ሊትር ባለቱርቦ ሞተርና 200 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አካሄዱ የሰከነ፣ የውስጡ አሠራር የታላላቅ ሰዎችን መኪና የሚያስታውስ፣ ግን ከ1,300 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነው። በሞተሩ ውስጥ፣ ካምሻፍት በሚባለው ዘንግና በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ በሚረጨው ፓምፕ መካከል፣ ከቢራ ቆርኪ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የብረት ቆብ አለች። ዘንጉ በዞረ ቍጥር ይፈትጋታል፤ እርሷም ቀስ በቀስ ትሳሳለች፤ ማንም ሳያያት የተበሳች እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ወደ ፓምፑና ወደ ዘንጉ ይተላለፋል። ቆቧ ራሷ ዋጋዋ ከምንም አይቈጠርም፤ ፈትቶ ማየትና መለወጥም ለመካኒክ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ቆቧ መቼ ተለወጠች?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ የሚያውቅ ሻጭ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይነግርሃል፣ የማያውቅ ሻጭ ግን «መኪናዪቱ ምንም የላትም» ይላል። በራሱ ማርሽ የሚቀይረው ባለስድስት ማርሽ ካምቢዮም ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ስላለበት፣ ደረሰኙን ሳያዩ ገንዘብ መቍጠር አይገባም። የስድስተኛው ትውልድ የመጀመሪያ ዓመታት ሞተር በሰንሰለቱ መወጠሪያ የታወቀ ድካም ስላለበት እኔ አልገዛውም።

ፎርድ ፊየስታ ኤስቲን፣ ከ2013 እስከ 2017 የተሠራችውን ማለቴ ነው፣ በጥቂት ቃል ማለፌ ከንቀት አይደለም። 1.6 ሊትር ባለቱርቦ ሞተሯ 182 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በመታጠፊያ ላይ የምትሰጠውን ደስታም ዋጋዋ በእጅጉ የሚበልጥ መኪና አይሰጥም፤ የማቀዝቀዣ ውኃዋ መጠንና የሞተር ቺንጋዋ ዕድሜ ከታወቁ ለብዙ ሰው በቂ ናት። ፔጆ 205 ጂቲአይን ደግሞ ከ1984 ጀምሮ የሠሩት ፈረንሳዮች የማይረሳ ነገር ትተዋል፤ ዛሬ ግን የሰብሳቢዎች ሀብት ሆናለችና በቈጣቢ ሰው ኪስ አትገኝም።

ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ላይ ስደርስ ብዕሬን ማፍጠን ያቅተኛል። ከ2001 እስከ 2005 በእንግሊዝ አገር በስዊንደን ፋብሪካ የተሠራችው ይህች መኪና ያለ ቱርቦ፣ ከ2 ሊትር ሞተር ብቻ 200 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች። ጥበቡ እንዲህ ነው። አየርና ቤንዚን የሚገባበትን፣ ጭስም የሚወጣበትን የቫልቭ በር የሚከፍቱት በካምሻፍቱ ላይ ያሉ ጉብታዎች ናቸው፤ ጉብታው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የተረጋጋና ነዳጅ ቈጣቢ ይሆናል፣ ሲፈጥን ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ በፍጥነት ጊዜ ጥሩ ይተነፍሳል፣ በዝግታ ጊዜ ግን ይንተፋተፋል። የሆንዳ መሐንዲሶች አንዱን መርጠው ሌላውን በመተው ፈንታ ሁለቱንም ጉብታዎች በአንድ ዘንግ ላይ አኖሯቸው፤ ሞተሩ በደቂቃ 5,800 ዙር ያህል ሲደርስ የዘይት ግፊት አንዲት ትንሽ ቁልፍ ገፍቶ ቫልቭ ገፊዎቹን ክንዶች ያቈላልፋቸውና ከፍተኛው ጉብታ ሥራውን ይረከባል። በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ፣ መሪጌታ ከግዕዝ ዜማ ወደ አራራይ ሲሻገር እንደሚሰማው፣ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ጉልበቱም እስከ 7,400 ዙር ድረስ እየጨመረ ይሄዳል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚቃጠል ቱርቦ የለውም፤ ቺንጋ የሌለው ሞተርም የሚበጠስ ቺንጋ የለውም፤ ይህች መኪና በሰንሰለት የምትሠራ ናትና። ሰንሰለቱ ግን የዘይት ጥገኛ ነው፤ ሞተሯ በከፍተኛ ዙር ዘይት የመጠጣት ልማድ አለው፣ ባለቤቱ የዘይቱን መጠን ሳያይ ወራት ካሳለፈ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም። ሁለተኛው ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳ ወይም የሚከረክር ከሆነ ካምቢዮው መፈታት አለበትና ዋጋው ይቀነስልህ ወይም ተወው። ጕዳቷ ሌላ ነው፦ ወጣቶች ስለ ወደዷት ብዙዎቹ በዛፍና በአጥር የተፈተኑ ናቸው፤ ያልተፈተኑትም ዋጋቸው መውረዱን ትቶ መውጣት ጀምሯል።

እኔና አንድ በለንደን መካኒክ የሆኑ ያገሬ ሰው አንዲቱን ለማየት በታኅሣሥ ማለዳ ተቀጣጥረን የሄድነውም ካልተፈተኑት አንዲቱን እናገኛለን በሚል ምኞት ነበር። አስቀድሜ በመንግሥት መዝገብ የየዓመቱን ምርመራዋን፣ የእኛን ቦሎ የሚመስለውን፣ በታርጋዋ ቍጥር ብቻ ያለ ክፍያ አይቼ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ መኪና በየዓመቱ ስለሚመረመር፣ መዝገቡ የተነዳችውን ርቀትና መርማሪው ያሳሰበውን ሁሉ እንደ ግብረ ሕማማት በየተራው ይዘረዝራል። ሻጩ ፈገግ ብሎ ተቀበለን፤ ሊብሬውንም ዘረጋልን። ጋሼ ግን ወረቀቱን ትተው መዳፋቸውን በኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ሞቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ሳይሞቅ እንየው ብለን ነግረነው ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ያሞቀው ለእኛ ብርድ አዝኖ አይደለም» አሉ በአማርኛ፣ ለሰውዬው እየሣቁለት።

ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር በሚነሣበት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰከንዶች የላላ ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል፣ ዘይት የሚያሳልፍ ሞተርም በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ የሞቀ ሞተር ግን ይህን ሁሉ ይሰውራል። ከዚያ በኋላ ጋሼ ያደረጉት ለመልክ ብቻ ነበር፤ አራቱ ጎማዎች በአራት የተለያዩ ፋብሪካዎች የተሠሩ መሆናቸውን በጣታቸው አሳዩኝ፣ የኋላውን ጭቃ መከላከያ በጥፍራቸው አንኳኩተው ላሜራው የሰጠውን ድምፅ ስቱኮው አለመስጠቱን አሰሙኝ፤ አመስግነንም ሄድን።

በመጨረሻ የገዛሁት ልቤ የተመኘውን ሳይሆን፣ ከላይ የ810 ኪሎ ግራሙን ቍጥር አስይዤ የቈየሁበትን ነገር የሚመስለውን ነው። ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት በ2012 በእንግሊዝ ገበያ በወጣው መልኳ 1.6 ሊትር ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ባለሰንሰለት፣ 136 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ፣ ከ1,100 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ክብደት ያላት ናት። የቀጥታ መንገድ ጀግና አይደለችም፤ ታይፕ አር በመጀመሪያው ዳገት ጥላት ትሄዳለች። የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋም 211 ሊትር ብቻ በመሆኑ የፋሲካ አስቤዛችን ግማሹ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ነገር ግን ፍሬኗ ትንሽ ነገር ስለሚያቆም ቶሎ አያልቅም፣ ጎማዋ አይበላም፣ በጠባቡ የገጠር መንገድም መሪዋ የመንገዱን ነገር ሁሉ ለእጅ ይነግራል። ለወጣት ነጂ የኢንሹራንስ ክፍያ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ በሚችልበት አገር የጉልበቷ ማነስ ራሱ ረዳት ነው። ወደ አገር ቤት ልልካት የሚል ካለ ግን አይድከም፤ መሪዋ በቀኝ ከመሆኑም በላይ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

ሻጫችን ሌሊት ከሥራ የገባች ነርስ ነበረች። መኪናዪቱ በረዶ ለብሳ በደጇ ቆማ ነበር፤ ጋሼ ኮፈኑን ዳሰው እጃቸውን ቶሎ መለሱ። ደረሰኞቹ ከ2013 ጀምሮ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በየዓመቱ ተደርድረው ነበር፤ የዘይት ለውጡ አንድም ዓመት አልተዘለለም። ጋሼ የዘይቱን መለኪያ መዘው በወረቀት ጠረጉና ቀለሙን ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፤ ከዚያ ቁልፉን እንድታዞር በምልክት ነግረዋት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አደረጉ።