አምፖሉን ከመቀየር በፊት

ማታ ከከተማ ወጥቶ በሞተር ሳይክል የሚጓዝ ሰው ተጨማሪ ብርሃን ቢመኝ አይፈረድበትም። ያለ መብራት የሚሄድ የአህያ ጋሪ፣ መሀል አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ዳሩን የሚሄድ እግረኛ፣ ክረምት የቦረቦረው የመንገድ ጠርዝ፣ ሁሉም የሚታዩት ፓውዛው እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ተረጋግቶ ለመቆም ደግሞ ሌላ 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ50 ሜትር በላይ አሻግሮ ማየት ካልቻለ፣ ከፊቱ ያለውን ነገር ያየው ለማምለጥ ከረፈደ በኋላ ነው። በየክልሉ ከተማ የምናያቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተሮች መብራት፣ በተለይ አጭሩ፣ ያን ያህል ርቀት በደንብ አያሳይም። ባለ ሞተሩ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ከዚህ የሚበልጥ አምፖል አለ ወይ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሻጩ አዎ ብሎ አንዲት ካርቶን ሲያቀብለው ነው። ብርሃኑ በእርግጥ የት እንደጠፋ ሳይጣራ የሚቀየር አምፖል አንዳንድ ጊዜ ሽቦ ያቃጥላል፣ አንዳንድ ጊዜ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተጠበቀውን ያህል አያሳይም።

ሁለት አምፖሎችን እናወዳድር። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚጠቀሙት ኤችኤስ1 የሚባለውን ባለ ሁለት ክር ሃሎጅን ነው፤ ረጅሙም አጭሩም 35 ዋት ነው። መኪናዎችና ትልልቅ ሞተሮች ለብዙ ዓመታት የሠሩበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የወጣው ኤች4 ደግሞ ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። በ13.2 ቮልት ሲለኩ ኤችኤስ1 በአጭሩ 525፣ በረጅሙ 825 ሉመን እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ኤች4 በአጭሩ 1000፣ በረጅሙ 1650። እጥፍ ያህል ልዩነት አላቸው። ታዲያ እጥፍ ብርሃን እጥፍ ርቀት ያሳያል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ብርሃን በራቀ ቁጥር ወደ ጎንም ወደ ላይም እየተበተነ ስለሚሄድ፣ እጥፍ ርቀት ላይ ያለ ነገር የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው። 35 ሜትር ላይ የነበረውን ብርሃን 70 ሜትር ላይ ለማግኘት አራት እጥፍ ያስፈልጋል። በእጥፍ የሚገኘው ሁሉም ነገር ሰምሮ 49 ሜትር ገደማ ነው። 14 ሜትር በሌሊት ጉዞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ለዚህ ትርፍ የሚከፈለው ዋጋ የአምፖሉ ዋጋ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዋጋ ሙቀት ነው። በ12 ቮልት 35 ዋት አምፖል ሦስት አምፔር ያህል ይስባል፤ 60 ዋቱ አምስት። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሽቦና በመገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በአምፔሩ ካሬ ነው። በዚህ ስሌት ከ35 ወደ 60 ዋት የሄደ ሰው በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ጭኗል። ሽቦው ራሱ አዲስና ሙሉ ከሆነ ይችለው ይሆናል፤ የማይችለው መጋጠሚያው ነው። እንዲህ ያለ አምፖል ለጥቂት ወራት የሠራበትን ሞተር ፓውዛ ከፍቶ ከአምፖሉ ኋላ ያለውን ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት መንቀል ሁሉንም ያሳያል። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፣ አልፎ አልፎም ቀልጦ አብጧል፤ ውስጡ ያለችው የናስ ምላስ ጠቁራ፣ የመጨበጥ አቅሟን አጥታ ላልታለች። የላላ መጋጠሚያ የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠ ሲሞቅም የበለጠ ይላላል፤ አንድ ሌሊት አጭሩ መብራት ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የመብራቱ ኃይል በሙሉ የሚያልፈው መሪው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ስለሆነ፣ ረጅምና አጭር የሚለዋውጡት ጥቃቅን የናስ ነጥቦችም በዚያው መንገድ ይቃጠላሉ።

ሁለተኛው ዋጋ የዲናሞው ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ የሚያመነጨው ኃይል በፋብሪካ ሲሠራ የተወሰነ ነው፤ አምፖል ስለተለወጠ አይጨምርም። በቀስታ ሲነዳ፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም፣ መብራቱ ከባትሪ በሚበራ ሞተር ላይ ተጨማሪው 25 ዋት የሚመጣው ከባትሪው ነው። ባትሪው በየማታው ከሚሞላው በላይ ከተወሰደበት ጠዋት በስታርተር አልነሳም ይላል፤ ባለቤቱም ባትሪው ሞቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ይህ ሁሉ ከአንድ አምፖል የመጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሳል። ይህ ሁሉ የሃሎጅን ችግር ነው፣ ኤልኢዲ ግን ትንሽ ኃይል ወስዶ ብዙ ያበራል ይባላል። በኃይል ፍጆታ በኩል እውነት ነው፤ 20 ዋት ኤልኢዲ ሶኬት አያቀልጥም። ዘመናዊ ሞተሮች ከፋብሪካ በኤልኢዲ የሚወጡትም በከንቱ አይደለም። ጥያቄው ግን ለሃሎጅን ተብሎ በተሠራ ፓውዛ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የሃሎጅኑን አምፖል አውጥቶ በቅርብ ላየው፣ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። የአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ ተቀምጣለች። ሥራዋ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ከልላ የፓውዛውን አንጸባራቂ መስታወት የላይኛውን ግማሽ ብቻ እንዲመታ ማድረግ ነው፤ ከላይ ተመትቶ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ይወርዳል። መስታወቱ የተቀረጸው ክሩ የተቀመጠበትን ነጥብ በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። በአምፖሉ አንገት ላይ ያሉት ሦስት ጥርሶች እኩል አለመሆናቸውም ክሩ ሁልጊዜ በዚያው ቦታና በዚያው አቅጣጫ እንዲውል ነው። ኤች4ን በኤችኤስ1 ቦታ ለማስገባት ጥርሱን በሞረድ የሚሞርድ ሰው ይህን ሥርዓት በእጁ አፍርሷል።

ኤልኢዲው ደግሞ ክር የለውም። በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ቺፖች ናቸው ብርሃን የሚሰጡት፤ ብረቱ ውፍረት ስላለው ብርሃኑ የሚነሳው ክሩ ከነበረበት ነጥብ ወጣ ብሎ ነው። ወደ ሁለት ጎን ብዙ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት ያበራል። መስታወቱ ያልተሠራለትን ብርሃን ሲቀበል በትክክል ሊያነጣጥረው አይችልም፤ ከፊሉን ዛፍ ላይ፣ ከፊሉን እፊት ጎማው ሥር፣ ከፊሉን ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይበትነዋል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሉመን ቁጥርም ሊታመን የሚችል አይደለም። የዛሬ ጥሩ ነጭ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 20 ዋት የሚስብ አምፖል 20,000 ሉመን ያወጣል የሚል ጽሑፍ በሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ ሱቅ ቢገኝ፣ በራሱ ስሌት የሚወድቅ ነው።

ቀይሬዋለሁ፣ በዓይኔ ልዩነቱን አይቻለሁ የሚሉ አሽከርካሪዎችን መዋሸታችሁ ነው ማለት አይቻልም። ያዩት ነገር አለ፤ ከጎማው ፊት ያሉት የመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች እንደ ቀን ነጭ ሆነዋል። ዓይን ግን ራሱን የሚያስተካክለው በሚያየው ደማቅ ነገር ልክ ነው። ቅርቡ በጣም ሲደምቅ ብሌኑ ይጠባል፣ ሩቁ ደግሞ ይጨልማል። ሰውዬው ብዙ ብርሃን እንዳለው እየተሰማው 50 ሜትር ላይ ያለውን ጋሪ ግን ከበፊቱ ዘግይቶ ሊያየው ይችላል። ለዚህ ነው መብራት በስሜት ሳይሆን በልኬት መመዘን ያለበት። አቧራና ጭጋግ ባለበት መንገድ ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚበተነው ብርሃን መልሶ ወደ አሽከርካሪው ፊት ይመጣል።

ሌላው መከራከሪያ የበለጠ ያሳስበኛል፦ ሁሉም ያሳውረኛል፣ እኔም ካላሳወርኩ መብራታቸውን አያወርዱልኝም የሚለው። በደማቅ ብርሃን የተመታ ዓይን ለጥቂት ሰከንዶች አያይም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ነው። ሞተረኛው ያሳወረው የጭነት መኪና ሾፌር እነዚያን 50 ሜትሮች የሚነዳው ወደዚያው ሞተረኛ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚጎዳ ግልጽ ነው።

ኤልኢዲው ከኤሌክትሪኩም ጋር ላይስማማ ይችላል። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ጋዝ ሲሰጠው መብራቱ የሚደምቅ፣ ሲለቀቅ የሚደበዝዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፊት መብራቱ የሚመገበው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ነው። እንዲህ ያለው ኃይል አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመጣ ነው፤ የሃሎጅን ክር ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ኤልኢዲ ግን ይንቀጠቀጣል ወይም ዕድሜው ያጥራል። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚለቀው ወደ ኋላ መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። ማቀዝቀዣው ወይም ትንሿ ማራገቢያ አልገባ ስለሚል የፓውዛውን የኋላ ክዳን (ጎማውን) ቆርጠው ወይም ጥለውት የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በዚያ ቀዳዳ ክረምት ውኃ፣ በጋ አቧራ ይገባና መስታወቱን ያበላሸዋል።

ታዲያ ብርሃኑ ከየት ይምጣ? ከሁሉ በፊት ከጠፋበት። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልት ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ብርሃኑ በብዙ ይወድቃል። መብራቱ ከባትሪ የሚበራ ሞተር ላይ፣ ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ ባትሪው ላይ 13.5 ቮልት፣ አምፖሉ ሶኬት ላይ 12 ቮልት ከተለካ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ገደማ በመንገድ ላይ ቀርቷል። በየትኛውም ኤሌክትሪሺያን ቤት ያለ ቴስተር ይህን በሁለት ደቂቃ ያሳያል። መድኃኒቱ የዛገውን የቦዲ መገናኛ መፋቅ፣ የላላውን ሶኬት መለወጥ፣ ካስፈለገም ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ በኩል ወፈር ያለ ሽቦ መሳብ ነው። ሪሌ ሲገባ መሪው ላይ ያለው ማብሪያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ከባዱን ኃይል አይሸከምም። ቮልቱን ከሚገባው በላይ ማሳደግም አያዋጣም፤ አምስት በመቶ ጭማሪ የአምፖሉን ዕድሜ በግማሽ ያህል ያሳጥረዋል።

ከዚያ ፓውዛው ራሱ አለ። ፀሐይ ቢጫ ያደረገቻት የፕላስቲክ ፊት ብርሃኑን ታፍናለች፤ ልትጸዳ ወይም ልትለወጥ ይገባል። የውስጡን መስታወት ግን በጨርቅ መወልወል አደገኛ ነው፤ የሚያንጸባርቀው እጅግ ስስ ልባስ ስለሆነ ከእድፉ ጋር ይነሳል። ቀጥሎ ማነጣጠር ይመጣል፣ ወጪ የማይጠይቀው ግን በጣም የሚዘነጋው። ሞተሩን በሜዳ ላይ ከግድግዳ አሥር ሜትር አርቆ፣ አሽከርካሪው ተቀምጦበት አጭሩ ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከፓውዛው ከፍታ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። እኛ ዘንድ ሞተር ከኋላው ሰው ወይም ጆንያ ሳይጭን የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጭነቱ ኋላውን ሲያወርደው ፊቱ ይነሳል፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢነሳ 50 ሜትር ላይ ብርሃኑ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዘወትር ጭኖ የሚሄድ ሰው ፓውዛውን ማስተካከል ያለበት ጭነቱ እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ አምፖል መቀየር ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያም የሚመረጠው የዚያው ዓይነትና ዋት የሆነ፣ ከታወቀ አምራች የመጣ አዲስ ሃሎጅን ነው፣ ብርጭቆውን በጣት ሳይነኩ። የጣት ቅባት በጋለው ብርጭቆ ላይ ጉዳት ያደርሳልና። በኤልኢዲም ቢሆን መንገዱ ዝግ አይደለም። ጀርመን በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኦስራም የሠራውን በሃሎጅን ቦታ የሚገባ ኤች7 ኤልኢዲ ለመንገድ ፈቅዳለች፤ ፈቃዱ ግን ለአምፖሉ ብቻ አልተሰጠም፣ ከየትኛው ተሽከርካሪ ፓውዛ ጋር እንደተፈተነ በስም ተዘርዝሮ ነው። ለሞተሩ የተሠራ ሙሉ የኤልኢዲ ፓውዛ ከነመስታወቱ መለወጥም በዚያው ምክንያት ከአምፖል ለውጥ ይሻላል። በጨለማ ገጠር መንገድ ዘወትር ለሚነዳ ሰው ደግሞ የፋብሪካውን ፓውዛ እንዳለ ትቶ በራሱ ሪሌና ፊውዝ አንድ ተጨማሪ መብራት መጨመር ይቻላል፣ ዲናሞው የሚሸከመውን ዋት አስቀድሞ አስልቶ። ያ መብራት ከረጅሙ ጋር ብቻ እንዲበራ ይገናኛል፤ ከፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ አሽከርካሪው ወደ አጭር ሲያወርድ አብሮ እንዲጠፋ።